ሳይሞከር አይከፈልም

ያኔ ስሙን አልጠራም ነበር። በባለቤቴ ወገኖች ወግ ምራት የባሏን አባት ስም፣ የአባቱንም ወንድም ስም በአፏ አታነሳም፤ ነውር ነው። እኔ የእንጦጦ ልጅ፣ አፏ እሳት ነው የምባለው ሴት፣ ከነሱ ቤት ከገባሁ ጀምሮ አንገቴን ደፍቼ "አባባ" ስለው ኖርኩ። አማቴ ቀድሞ ስለሞተ ለባሌ አባትም አጎትም እሱ፣ የአማቴ ወንድም፣ ነበር። ዛሬ ግን እጠራዋለሁ። ነገሳ! ነገሳ ኢቲቻ። ይኸው፣ ሰማይ አልተደፋም። አንቱታውም ይብቃው፤ እሱ እያልኩ ነው የማወራችሁ።

ክፉ ሰው ነበር እንዳትሉኝ ደግሞ። ክፉ ቢሆንማ ረግሜው እገላገል ነበር። በየካ እንደሱ የሚታመን ሽማግሌ አልነበረም። በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን አይቶ እንዲፈርድለት እሱን ይዞ ይሄዳል፤ ልጁን የሚድር እሱን ያማክራል። እኔን ጉድ የሠራኝ ያ ጥንቃቄው ነው።

ባሌ ዱጋሳ የባህር ዛፍ ዘይት ያወጣ ነበር። ከእንጦጦ ማርያም ዝቅ ብሎ፣ ምንጩ አጠገብ በርሜል ተክሎ። ሥራው አረቄ እንደ ማውጣት ነው። ቅጠሉ በርሜል ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ ውሃ ይጨመርበታል፣ ከሥር እሳት ይለቀቅበታል፤ እንፋሎቱ በመዳብ ቱቦ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያልፍና ጠብ ጠብ ይላል። ውሃው ከታች ይቀራል፣ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። እሱ ያነዳል፣ እኔ ጠርሙስ አጥባለሁ። ልብሳችን፣ ፀጉራችን፣ እንጀራችን ሳይቀር ባህር ዛፍ ይሸት ነበር። ገበያ ስወርድ ሴቶቹ "ጉንፋን የያዘው የማርያምወርቅን ያሽትት!" እያሉ ይስቁብኝ ነበር፤ እኔም አልቀርላቸውም።

ዱጋሳ አንድ ልማድ ነበረው። ከየበርሜሉ መጀመሪያ ከወጣው ዘይት አንድ ጠርሙስ ለማርያም ይሰጣል። ጠበል የሚጠመቁ በሽተኞች ደረታቸውንና ጉልበታቸውን ይታሹበታል። ቄሰ ገበዙ ከእጁ ተቀብለው አፉን በሰም ይደፍኑና ዕቃ ቤት ያስቀምጡታል፤ የፊተኛው ሳያልቅ የኋለኛው አይከፈትም። የቀረውን ዘይት ከተማ ያለ አንድ ነጋዴ በጀሪካን ይወስዳል። የሱንም ስም አልጠራም፤ ይሄኛውን ግን በወግ ሳይሆን በንቀት ነው።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ነጋዴው በብልቃጥ ቀንሶ ለሳል መድኃኒት ከሸጠው ዘይት ሰዎች ታመሙ። በስኳር ጠብ ተደርጎ የተሰጠው አንድ ልጅ ሞተ። ዘይቱ ሲመረመር ላምባ ተገኘበት። ነጋዴው "ከእንጦጦ እንደ መጣልኝ ነው የሸጥኩት፣ እኔ ምን አውቄ!" አለ። እሱ ምስክር ሆኖ ቤቱ ገባ፣ ባሌ ተከሳሽ ሆኖ ወህኒ ወረደ።

ሰዎች ይጠይቁኝ ነበር፣ ላምባ እንዴት አልሸተተም እያሉ። ኧረ ተዉኝ! የባህር ዛፍ ዘይት ሰይጣን ቢቀላቀልበትም ይሸፍነዋል። ውሃ የማይጨምር ዱጋሳ ላምባ ይጨምራል? ግን ይህን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ዳኛ የሚስትን ቃል ምን ያደርገዋል። ችሎት የሟቹ እናት ጥቁር ለብሳ ፊት ለፊት ስትቀመጥ ዱጋሳ አይቷት አለቀሰ። እሷም "አጥፍቶ ነው የሚያለቅስ" አለች። አልፈርድባትም። የኛን ሁለት ሴቶች ልጆች ግን ሰፈር ውስጥ "የገዳይ ልጆች" ይሏቸው ጀመር፤ ትንሿ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ባዶ እንስራዋን ይዛ እያለቀሰች ተመለሰች።

ዘይቱን የመረመረው ሰው አቶ ተክለጻድቅ ይባላል። በመንግሥት ምርመራ ክፍል የሚሠራ፣ ውጭ አገር የተማረ፣ ድምፁ የማይሰማ ጨዋ ሰው ነው። አንድ ቀን ከችሎት ስወጣ በር ላይ ጠብቆ አስቆመኝ።

"እመቤት፣ ላምባ እንዳለበት አውቃለሁ። ማን እንደ ጨመረው ግን ከነጋዴው ጀሪካን አይታወቅም። ከዚያው በርሜል የወጣ፣ የነጋዴው እጅ ያልነካው ዘይት የላችሁም?"

"አለ እንጂ! ማርያም ዘንድ አለ!" አልኩና እዚያው መንገድ ላይ እልል አልኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

በማግስቱ ቄሰ ገበዙ ጠርሙሱን በነጠላ ጠቅልለው ራሳቸው ይዘው ወረዱ። ሰሙ አልተነካም። ዳኛው ፊት ቆመው በመስቀላቸው መሰከሩ። ዳኛው ጠርሙሱን ገልበጥ ቀና አድርገው አዩና አቶ ተክለጻድቅን ጠየቁት፤ "በዚህ ውስጥ ጠብታ ላምባ እንኳ እንደሌለበት መርምረህ ልትምል ትችላለህ?"

ምን ቢል ጥሩ ነው? "ባለን መሣሪያ ብዙ ሲሆን ነው የሚታወቀን። ለጠብታ አልምልም" አለ። አይ ሐቀኝነት! እኔ ብሆን መቶ ጊዜ በማልኩ ነበር። ዳኛው ግን አልተቆጡም፤ ለጠብታ የሚምል ማስረጃ አምጡ ብለው ቀጠሮ ሰጡ። ጠርሙሱም እንደ ታሸገ አቶ ተክለጻድቅ ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት።

ከዚያ ነው የመሣሪያው ነገር የመጣው። ስሙን "ጋዝ ክሮማቶግራፍ" አለኝ፤ ምላሴ እምቢ ቢለኝ "መለያ በይው" አለኝ። ብረት ሣጥን ነው። ውስጡ የተጠመዘዘ የመዳብ ቱቦ አለ፤ ጠብታ ዘይት ይገባበትና ከብረት በርሜል የሚመጣ፣ እንደ አየር ያለ ጋዝ እየገፋ ያሳልፈዋል። "ወደ ማርያም ዳገት ስትወጡ ሁሉም አንድ ላይ ይነሳል፤ ጉልበታሙ ቀድሞ ይደርሳል፣ ደካማው ይዘገያል፣ አይደል? በቱቦው ውስጥም እንደዚያው ነው" አለኝ። ለደረሰው ሁሉ ከሣጥኑ ጎን ያለ ብዕር ወረቀት ላይ ተራራ ይስልለታል። የባህር ዛፍ ዘይት አንድ ትልቅ ተራራ አለው፣ ጥቂት ጉብታዎችም ይከተሉታል፤ ላምባ ከተቀላቀለበት ግን ከኋላ ሌላ ብዙ ጉብታ ይሰለፋል። ጠብታም ብትሆን አታመልጠውም።

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?" አልኩት።

"የለንማ። በጀቱ ለከርሞ ነው ተብሏል።" የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው፤ የመንግሥት መርማሪ መመርመሪያ የለውም።

ግን አንድ ያገለገለ መለያ መኖሩን ሰምቶ ነበር። በረሃ ወርዶ ነዳጅ ሲፈልግ ኖሮ ያጣ የውጭ ኩባንያ ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ ወሰን ሰፈር አካባቢ መጋዘን ውስጥ ጥሎት የሄደ፣ ሽጡት የተባለ ነው። የአዲሱ ዋጋ ቤት ያሠራል፤ ይሄኛው በሁለት ጥንድ በሬ ዋጋ ይገኛል። አለቃውን ለምኖ፣ እኛ ከገዛነው ቦታውንና ጋዙን መሥሪያ ቤቱ እንዲሰጥ አስፈቀደ።

በሬ የት አለን? ያለን አንድ የደከመ ፈረስ ነው። እሱንም፣ የአንገት ወርቄንም፣ የዱጋሳን ጋቢም ሸጥኩ፤ ግማሽ አልሞላም። ነገሳ ያኔ ነው "ዕድሩን እንጠይቅ" ያለው።

የዕድሩ ሰዎች ተሰበሰቡ፤ ጫጫታው ሌላ ነው። "ዕድር ለሞተ ነው፣ ለቆመ አይደለም!" አሉ። "ነገ አንዳችን ብንሞት በምን ልንቀበር ነው?" አሉ። እውነታቸውን ነው። ነገሳ ዱላውን ተመርኩዞ ተነሣና "ዱጋሳን ሞቶ ከምንቀብረው ቆሞ እናውጣው፤ ቆሞ ከወጣ ሠርቶ ይመልስላችኋል" አላቸው። ሴቶቹ አለቀሱ። ያን ዕለት ነገሳን እግሩን ብስመው ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህንንም እናገራለሁ።

የዕድሩ ዳኛ ግን አንድ ነገር ጨመረ። ባለፈው ዓመት ዕድሩ ያገለገለ ማሾ ገዝቶ ነበር፣ ለለቅሶ ድንኳን መብራት የሚሆን። ሲገዛ ማንም አልለኮሰውም። የመጀመሪያው ለቅሶ ላይ ጭሱን ለቆ ድርግም አለና ሬሳ ጨለማ ውስጥ አደረ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ዕድሩ ደንብ አወጣ፤ ያገለገለ ዕቃ ሳይሞከር አይከፈልም። "አባ ነገሳ፣ በዓይንዎ ሲሠራ ሳያዩ እንዳይከፍሉ ይማሉልን" አለ የዕድሩ ዳኛ። ነገሳ ወደ እንጦጦ ዞሮ "ማርያምን፣ ሳላይ አልከፍልም" ብሎ ማለ።

ልንገዛ የሄድን ቀን አቶ ተክለጻድቅ አብሮን ሊመጣ ነበር። አለቃው አስቀረው። ጠዋት ብቅ ብዬ ሳናግረው እጄን ይዞ "ሳትነካኩ አምጡልኝ። የማበራው እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም እንዳያበራው" አለኝ። መንገድ ላይ ቃሉን አንድ በአንድ ለነገሳ ነገርኩት።

"የሱ ማብራት ከተከፈለ በኋላ ነው፣ ልጄ። እኔ የማልኩት ሳይከፈል በፊት ነው" አለኝ።

የመጋዘኑ ጠባቂ ሙዘይን የሚባል ሰው ነው፤ ኩባንያው ቁልፉን ሰጥቶት የሄደ፣ ፂሙን ሂና የቀባ፣ ሳቂታ የከተማ ሰው። ጨርቁን ገልጦ መለያውን ሲያሳየን ልቤ ስፍስፍ አለ። ግራጫ ሣጥን ነው፤ ከፊቱ ባለ ቀስት ሰዓት የመሰለ ነገር አለው፣ ከጎኑ ወረቀትና ብዕር ያለበት ሌላ ሣጥን። በትንሿ መስኮት ወደ ውስጥ ሳይ ያንን የተጠመዘዘ የመዳብ ቱቦ አየሁት። የዱጋሳን ቱቦ ቁርጥ! አንድ ሰው የሱን በርሜል አሳንሶ ሣጥን ውስጥ የከተተው መሰለኝ።

"አብራው" አለ ነገሳ።

ሙዘይን ፈገግታው ጠፋ። "አባባ፣ ይሄ እኮ ጋዝ ሳይገባበት አይበራም። ፈረንጁ ሲሄድ ደጋግሞ ነግሮኛል፤ መጀመሪያ ጋዝ፣ ከዚያ መብራት። ጋዙ ደግሞ ከነሱ ጋር ሄዷል።"

"ዕቃውን ትተው ጋዙን ብቻ ይዘው ሄዱ?"

"በኪራይ የመጣ ነው፤ ተመላሽ ነው።"

ነገሳ ከኛ ጋር የመጡትን ሁለት የዕድር ሽማግሌዎች አያቸው። እነሱም እሱን አዩት። ያን አስተያየት ከብት ገበያ አውቀዋለሁ። ሻጭ "በሬው ዛሬ ስለደከመው አይራመድም" ሲል የሚተያዩት አስተያየት ነው።

"ወላሂ አልዋሸሁም፣ አባባ። እኔ ምን ተጠቅሜ?" አለ ሙዘይን።

"ዋሸህ አላልኩም። ካልበራ አልገዛም አልኩ እንጂ። የሕዝብ ገንዘብ ነው።"

እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ "አባባ፣ አቶ ተክለጻድቅ አይነካ ብለዋል፤ እባክዎን ይተዉት" አልኩ። ሽማግሌዎቹ ፊት ምራት አፍ አውጥታ ስትናገር! አንደኛው ጉሮሮውን ጠረገ። ነገሳ ግን አልተቆጣም። ረጋ ብሎ "ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ሞቶ ከሆነና ገንዘቡን ሰጥቼ ከወጣሁ ዱጋሳም አይወጣ፣ ዕድሩም አይተርፍ። ሰው ምን ይለኛል? ማርያምንስ ምን እላታለሁ?" አለኝ። ነገሩ ሁሉ ልክ ነበር። ከማሾው ጀምሮ ልክ ነበር።

ሙዘይን ብዙ ተከራከረ። በኋላ ሰለቸው መሰለኝ፣ ወይም አሳዘንነው፤ "እሺ፣ ለአፍታ" ብሎ ገመዱን ሰካና ቁልፉን ጫነው። ሣጥኑ እም እም አለ። ቀይ መብራት በራ። ብዕሩ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጥርግ ብሎ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ሮጠ፤ ረጅም ቀይ መስመር ሳለ!

"ሳለ! ሳለ!" አለ አንደኛው ሽማግሌ። እኔ አላስችል ብሎኝ እልልታዬን አቀለጥኩት። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባላል፤ ያን ዕለት ጥርሳችን ሁሉ ተገልጦ ነበር። ሙዘይን ራሱ ሣቀ።

ነገሳ ገንዘቡን አስረከበ። ዕቃ ተገዝቶ ያለ ምርቃት አይወጣም፤ ዱላውን አስቀምጦ መዳፉን ዘረጋ። እኛም ዘረጋን። ነገሳ ደግሞ ሲመርቅ አያልቅም፤ በአማርኛ ይጀምርና ወደ ኦሮምኛ ይሻገራል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። ዱጋሳን መረቀ፣ የሞተውን ልጅ ነፍስ መረቀ፣ የሟቹን እናት መረቀ፣ ዳኛውን፣ አቶ ተክለጻድቅን፣ ፈረንጁን በሄደበት መረቀ። መለያው እም እም ይላል። ሙዘይን እጁን እንደ ዘረጋ ወደ ሣጥኑ እያየ "አባባ፣ አሁን ላጥፋው?" አለ በለሆሳስ።

"ኧረ ዝም! ምርቃት ይቋረጣል?" ብሎ አንደኛው ሽማግሌ ገሠጸው። ሙዘይን እጁን መልሶ ዘርግቶ "አሚን" አለ። ነገሳ ዝናቡን መረቀ፣ ከብቱን መረቀ። ከዚያ ብዕሩ ከወጣበት ጠርዝ ዘጭ ብሎ ወደ መነሻው ወደቀ፤ እዚያው ቀረ። ሽማግሌው አየውና "ደከመው፣ ዐረፈ" አለ። ምርቃቱ አለቀና ሙዘይን አጠፋው።

በጋሪ ጭድ ላይ አጋድመን፣ እንደ አራስ ደግፈን ወሰድነው። እኔ በእግሬ ከጎኑ እየሄድኩ በየጉድጓዱ ባለጋሪውን ስሳደብ ዋልኩ።

አቶ ተክለጻድቅ ሲያየው ፊቱ በራ። እጅጌውን ሰብስቦ ጋዙን አጋጠመ፣ ጠበቀ፣ አበራ። ብዕሩ ዝም አለ። አጠፋ፣ ፈታ፣ መልሶ ገጠመ፣ አበራ። ዝም። ፊቱን ወደኛ ሳያዞር "አብርታችሁት ነበር?" አለ።

ነገሳ ደረቱን ነፍቶ መለሰ። "አዎና! ሞክረን ነው የገዛነው። ምርቃቱ እስኪያልቅ ሳይቋረጥ ሠርቷል።"

አቶ ተክለጻድቅ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ከዚያ አንዲት የብረት ቁራጭ ፈትቶ መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየን። ውስጧ ከፀጉር የቀጠኑ አራት ሽቦዎች ነበሩ አለን፤ ዘይቱ መድረሱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ይግላሉ፣ የሚያልፈው ጋዝ ያቀዘቅዛቸዋል። ጋዝ በሌለበት ሲበሩ፣ ያለ ውሃ እሳት ላይ እንደ ተጣደ ድስት ነው። እኔ ያየሁት ጥቁር ጥቁር ትቢያ ብቻ ነው።

"ሽቦው ከባህር ማዶ ነው የሚመጣው። ቢፈጥን ወራት ይፈጃል" አለ። ድምፁ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነው። ጮሆ ቢሰድበን ይሻለኝ ነበር።

ነገሳ አልገባውም። "ሲሠራ አይቻለሁ እኮ! በዓይኔ አይቻለሁ! ቀይ መስመር ስሏል!" ይላል። አቶ ተክለጻድቅ "እሱ መቃጠሉ ነበር፣ አባባ" አለው። ያን ጊዜ ነገሳ ዱላው ከእጁ ወደቀ፤ እኔ አላነሳሁለትም።

ከዚያ ወዲያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። ነገሳ ጥጃውን ሸጦ ሽቦው ታዘዘ። አቶ ተክለጻድቅ ከአምፑልም ከሬዲዮም ሽቦ እየነቀለ ሞከረ፤ ብዕሩ እንደ ሰካራም ይንገዳገድና ይቆማል። ዳኛው ቀጠሮ ጨመሩ፤ አልጠላቸውም፣ ደጋግመው ጨመሩ። ክረምቱ ገባ። ወህኒው ተጨናንቆ ነበር፤ ቅማሉ፣ እርጥበቱ፣ ጭቃው። ስንቅ ይዤ በሄድኩ ቁጥር ዱጋሳ በሽቦው አጥር ማዶ ሆኖ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "መለያው ሳለ ወይ?"

"ሊስል ነው" እለዋለሁ። "አንድ ዕቃ እስኪመጣ ነው" እለዋለሁ። ስለ ምርቃቱ ግን አልነገርኩትም። አጎቱን እንደ አባት ይወደው ነበር።

ነሐሴ ላይ ተስቦ ወህኒው ውስጥ ገባ። ስሄድ ዱጋሳ በሁለት ሰው ተደግፎ ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ በዚያ ብርድ ላቡ ይንቆረቆራል። ያ ሁልጊዜ የማውቀው የባህር ዛፍ ሽታ ከላዩ ጠፍቷል። ያን ሽታ ሳጣ ነው ተስፋ የቆረጥኩት።

"የማርያምወርቅ፣ መለያው ሳለ ወይ?"

"ሳለ" አልኩት። ሞት ይርሳኝ፣ ሳለ አልኩት። "አንድ ትልቅ ተራራ ሳለልህ። ከኋላው የላምባ ጉብታ የለም። ንጹሕ ነው አሉ።"

ሣቀ። ጥርሱን ካየሁ ስንት ወር ሆኖኝ ነበር! ከዚያ ትንሽ አሰበና "ታዲያ ለምን አይፈቱኝም?" አለኝ።

"ወረቀቱ እየተጻፈ ነው" አልኩት። "እሺ፣ እጠብቃለሁ" ብሎ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በቁሙ አላየሁትም።

የዕድሩ ጥሩምባ ማለዳ በየካ ሲነፋ የማን እንደሆነ ሳይነገረኝ ዐወቅሁ። ዕድሩ ሣጥን ውስጥ ገንዘብ አልነበረም። የመግነዙን፣ የሬሳ ሣጥኑን፣ የንፍሮውን ሁሉ ሰው ከየኪሱ አወጣ። "ለዱጋሳ አንዴ ከፍለናል" ያለ አንድም ሰው የለም፤ እግዜር ይስጣቸው። ያን ማሾም አምጥተው ድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሰቀሉት፤ ጠግነውት ነበር መሰለኝ፣ በደንብ በራ።

በሠልስቱ አቶ ተክለጻድቅ መጣ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጁ ይዟል። ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ አላለቀሰም፤ ፊቱ እንባ ያጣ ሰው ፊት ነበር። አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ "ተከሳሹ ስለ ሞተ መዝገቡ ተዘግቷል። ከእንግዲህ ማንም አይመረምረውም። የእናንተ ነው" አለና ጋዜጣውን ጭኔ ላይ አስቀመጠው። ፈታሁት። የማርያም ጠርሙስ ነው። ሰሙ አልተነካም፤ የቄሰ ገበዙ አውራ ጣት ምልክት እንኳ እንዳለ ነው።

መዝገቡ ተዘጋ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ቀስ ብሎ ነው የገባኝ። ነጋዴው ምስክር እንደሆነ ቀረ። ዱጋሳ ተከሳሽ እንደሆነ ቀረ። ልጆቼ የገዳይ ልጆች እንደሆኑ ቀሩ። ለመሐላ የሚበቃው ወረቀት ለዘላለም አይጻፍም። ደሜ ፈላ።

ተነሣሁ። በሴቶቹ መሐል አልፌ ወደ ወንዶቹ ወገን ተሻገርኩ። ነገሳ ጥግ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዱላውን ታቅፎ ተቀምጧል። መለያው ከተቃጠለባት ቀን ወዲህ አንሶ አንሶ ልጅ አህሎ ነበር። ፊቱ ቆምኩ።

"ነገሳ" አልኩት።

ንፍሮ የሚያድሉት ልጆች እንኳ ባሉበት ቆሙ። ቀና ብሎ አየኝ።

"ነገሳ፣ እንካ። ሞክረው።"

ጠርሙሱን ተቀበለኝ። እምቢ ይላል ብዬ ነበር፤ አላለም። ከወገቡ ሰንጢውን አውጥቶ ሰሙን ፋቀው፣ ቡሹን ነቀለው። ሽታው ድንኳኑን ሞላው። የዱጋሳ ልብስ ሽታ፣ የፀጉሩ ሽታ፣ የእንጀራችን ሽታ። ትንሿ ልጄ ከወዲያ ማዶ "አባዬ!" ብላ ጮኸች። ነገሳ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ አሸው፣ አሸተተ፣ ደግሞ አሸተተ። ላምባ በአፍንጫ እንደማይለይ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል።

"ንጹሕ ነው" አለ በኦሮምኛ። "ንጹሕ ነው፣ ልጄ፣ ንጹሕ ነው" አለ ደግሞ በአማርኛ፤ መዳፉን ፊቱ ላይ ደፍቶ እየጮኸ አለቀሰ። ስሙን ስለ ጠራሁ ማንም አልተቆጣኝም።